ቀስት፣ መረንዝና የደጋ አጋዘን፦ የአዳኞች ዕውቀትና ባለቤቶቹ

(በሐዋሳ፣ ጉዱማሌ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የተሰበሰብንበት ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጨምበላላን የሚያከብርበት ስፍራ ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ከተጠቀሱት ጉዳዮች አንዱ የጎሳ መሪዎች ለሕዝቡ የሚሰጡት ምክር ነበር፤ ሠርታችሁ ብሉ፣ ታላላቆቻችሁን አክብሩ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚል። ዛፍ እንዳይቆረጥ በሚመከርበት ስፍራ ቆሞ ስለ አደን መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የዛሬው ርእሴ የአንድ አገር በቀል ዛፍ ታሪክም ነው፤ ወደ እርሱ እንደርሳለን።

የማነሣቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በተራራ ላይ በቀስት ማደን ምን ዓይነት ዕውቀት ይጠይቃል? በአገራችን ይህን ዕውቀት ይዘው የኖሩት እነማን ናቸው? ዕውቀቱስ ከእጃቸው ወጥቶ ወዴት ሄደ? አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። አደን እንዲመለስ የምከራከር ሰው አይደለሁም። የምከራከረው ዕውቀቱ በመጽሐፍና በቤተ ሙከራ ሲጠቀስ ባለቤቶቹም አብረው እንዲጠቀሱ ነው።

ከቃላት እንነሣ። ‹አጋዘን› የሚለው ቃላችን በትርጉም ሥራዎች ውስጥ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። በሰሜን አሜሪካ ተራሮች የሚኖረው ‹ኤልክ› የተባለ ግዙፍ እንስሳ ወደ አማርኛ ሲመለስ አጋዘን ይባላል፤ ዝምድናቸው ግን የራቀ ነው። የኤልክ ወንዱ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ፣ ሁለንተናው አጥንት የሆነ፣ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና የሚያድግ ነው። የእኛ አጋዘን ቀንድ ግን እንደ በሬ ቀንድ ውስጡ አጥንት፣ ላዩ ጠንካራ ልባስ ሆኖ፣ እንስሳው እስኪሞት ድረስ ከራሱ አይወርድም። አማርኛችን ሁለቱንም ‹ቀንድ› ብሎ ያልፋቸዋል። ለዚህ ቋንቋውን አልወቅስም፤ በየዓመቱ ቀንዱን የሚጥል እንስሳ በምድራችን ስለሌለ የሚለይበት ቃል አላስፈለገውም።

ከኤልክ ጋር ለማነጻጸር የሚመቸን የራሳችን የተራራ እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። በዓለም ላይ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካለው የአገራችን ደጋ ውጭ አይገኝም፤ ዋና መኖሪያው የባሌና የአርሲ ተራሮች ናቸው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ሳይንሱ ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ሜጀር አይቨር በክስተን የተባሉ እንግሊዛዊ በአርሲ ተራሮች ተኩሰው የጣሉት እንስሳ ለንደን ደረሰ፣ በ1910 ሪቻርድ ላይደከር ስም አወጡለት። የሳይንሳዊ ስሙ ሁለተኛ ቃል እስከ ዛሬ የተኳሹን ስም ይዞ ይኖራል። የአርሲና የባሌ ሰው ከዚያ በፊት እንስሳውን በምን ስም ይጠራው እንደነበረ፣ በየትኛው ወቅት የት እንደሚያገኘው በዚያ ስያሜ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ በሌላ መልክ እናገኘዋለን።

በእነዚህ ተራሮች ማደን እጅግ ጥንታዊ ሥራ ነው። ከዚህ በስተሰሜን፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባለው ጋዴሞታ የተገኙ የባልጩት ስለቶች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በጫፎቻቸው ላይ ያለው ስብራት ተወርውረው ከዒላማ ጋር መጋጨታቸውን ያሳያል ይላሉ አጥኚዎቹ፤ ዕድሜያቸው ከ279,000 ዓመት በላይ ነው። እነዚህ የቀስት ሳይሆኑ የተወርዋሪ ጦር ጫፎች ናቸው። በባሌ ተራሮች ደግሞ ፊንጫ ሀበራ በተባለ፣ ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለ የዋሻ መጠለያ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበር በ2019 ተገልጿል። የእነዚያ ሰዎች ዋና ምግብ አጋዘን አልነበረም፤ ትልቁ የባሌ ፍልፈል ነበር። አየር በሳሳበት፣ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት ቦታ ከጉድጓድ የሚወጣን ፍልፈል ጠብቆ መያዝ ፈጣን እንስሳ ከማሳደድ ያነሰ ጉልበት ይፈጃል። ጀግንነት የሌለበት አደን ነው፤ ግን ሰው አኑሯል።

አሁን ወደ ቀስቱ። በግዕዝ ‹ቀስት› ማለት የሚለጠጠው ዕቃ ሲሆን፣ የሚወረወረው ‹ሐጽ› ነው። በአማርኛ ደግሞ ‹ፍላጻ› እና ‹ደጋን› ገብተው ቦታ ተለዋወጡ፤ ዛሬ ብዙዎቻችን ‹ቀስት› ስንል የሚወረወረውን፣ ‹ደጋን› ስንል የሚለጠጠውን ማለታችን ነው። ነገር ግን በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አንድ ሰው ደጋን አምጣ ቢባል ምን ይዞ ይመጣል? ጥጥ መንደፊያውን። ጅማቱ እየተነቀነቀ ጥጡን የሚያፍታታው ያ ዕቃ ከአዳኝ ደጋን ጋር በአሠራሩ አንድ ነው፤ የተለጠጠ ጅማት የታጠፈ እንጨት ውስጥ ያለውን ጉልበት ይለቃል። በደጋው ምድር ደጋኑ በእናቶቻችን እጅ ቀረ፣ ወንዱ ጦርና ጋሻ ያዘ። ይህ ለምን ሆነ የሚለው የንግግሬ ማእከል ነውና ትንሽ ታገሡኝ፤ አስቀድሞ የአደኑን ጥበብ እንመልከት።

ባለ ቀስት አዳኝ ከባለ ጠመንጃው የሚለየው በርቀት ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከ200 ሜትር ላይ ይተኩሳል። በባህላዊ ቀስት የሚያድን ግን ብዙውን ጊዜ ሃያና ሠላሳ ሜትር ያህል መቅረብ አለበት። በዚያ ርቀት ላይ ዋናው ጠላቱ የእንስሳው ዐይን ሳይሆን አፍንጫው ነው፤ ስለዚህ የተራራ አዳኝ የመጀመሪያ ትምህርቱ ነፋስ ነው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ያለው አየር ይከብድና እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ረፈድ ሲልና ፀሐይ የተራራውን ጎን ስታሞቀው አየሩ ቀልሎ ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ እንስሳውን ከሥር፣ ፀሐይ ከጠናች በኋላ ደግሞ ከላይ መቅረብ ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለችው፣ ነፋሱ ወዲያና ወዲህ የሚዋልልባት ሰዓት፣ ልምድ ያለው አዳኝ ድንጋይ ተደግፎ የሚቀመጥባት ናት። የኮሎራዶ አዳኝ ኤልክን ሲከተል የሚጠቀምበት ሕግ ይኸው ነው። የፊዚክስ መምህራን ለተማሪዎቻችሁ የተራራ ነፋስን ስታስተምሩ ይህን ምሳሌ ብትጨምሩ አይከፋም።

የደጋ አጋዘንም ለዚህ ፈተና የተመቸ እንስሳ ነው። ቀን ቀን በአስታ ቁጥቋጦና በኮሶ ጫካ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ሲነጋና ሲመሽ ወደ ግልጡ ወጥቶ ይግጣል። በዲንሾ አጠገብ ያለውን የጋይሳይ ሜዳ ያያችሁ ተማሪዎች ጠዋት በጭቁኝ መካከል ቆሞ አይታችሁት ይሆናል።

መቅረብ ከተቻለ በኋላ የጉልበት ጥያቄ ይመጣል። በዛሬው የአሜሪካ አደን የተለመደው ባህላዊ ቀስት ለመለጠጥ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም የሚሆን ኃይል ይጠይቃል። የፍላጻው ጫፍ ሰፊና ስል ነው፤ የሚገድለው ሳንባን ሰንጥቆ ደም በማፍሰስ ነው። ስለዚህ ቦታውን መሳት አይፈቀድም። ትከሻ ላይ ያረፈ ፍላጻ እንስሳውን አቁስሎ ይለቀዋል፤ እንስሳውም ለቀናት ሲሠቃይ ሊኖር ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ ያሉ አዳኞች ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ከብረት ሳይሆን ከዛፍ የመጣ ነው።

ዛፉ በአማርኛ መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ ይባላል። ሁልጊዜ ለምለም፣ ቅጠሉ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ነጭና ሽታው ደስ የሚል፣ ፍሬው ሲበስል ወደ ጥቁር ሐምራዊ የሚለወጥ አነስተኛ ዛፍ ነው። በትግራይም፣ በሐረርጌም፣ በቦረናም ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ በ19ኛው መቶ ዘመን በአድዋ አካባቢ ኖረው እዚያው የሞቱትን ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐርን ያስታውሳል። በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ቅጠሉ ለቁስልና ለቆዳ ሕመም መድኃኒትነት ይውላል። አዳኞች ደግሞ እንጨቱንና ሥሩን ለረጅም ሰዓት ቀቅለው እንደ ሬንጅ ጥቁርና ወፍራም የሆነ መርዝ ያወጡበታል። የተቀባው ፍላጻ እንዳይደርቅና የያዘውን ሰው እንዳይጭረው በቆዳ ይጠቀለላል። የታደነው ሥጋ ይበላል። ምክንያቱም መርዙ በደም ውስጥ ሲገባ ገዳይ ቢሆንም በአንጀት በኩል የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ፍላጻው ያረፈበትን ሥጋ ግን አዳኙ ቆርጦ ይጥለዋል። ይህን ያለ ቤተ ሙከራ ያወቀ ሰው ምን ያህል ትውልድ እንዳስተዋለና እንደፈተነ አስቡት።

በነገራችን ላይ መረንዝን ለመሣሪያነት የሚጠቀም ሌላም ፍጡር አለ። በአገራችንና በጎረቤቶቻችን የሚኖር፣ በጀርባው ላይ ጋማ ያለው ትልቅ አይጥ የዛፉን ቅርፊት አኝኮ ከምራቁ ጋር በጎኑ ፀጉር ላይ ይቀባዋል፤ የነከሰው ውሻ ይታመማል ወይም ይሞታል። ይህም በ2011 በታተመ ጥናት ተረጋግጧል።

መርዙ እንዴት ይሠራል? በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ግድግዳ ላይ ሦስት ሶዲየም አስወጥቶ ሁለት ፖታሲየም የሚያስገባ፣ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ፓምፕ አለ። የመረንዝ መርዝ በዚህ ፓምፕ ላይ ተጣብቆ ያቆመዋል። በልብ ጡንቻ ውስጥ ሶዲየም ሲከማች ካልሲየምም አብሮ ይከማቻል፤ ልብ መጀመሪያ ከወትሮው በላይ ትጨብጣለች፣ ቀጥሎ ምቷ ይዛባል፣ በመጨረሻም ትቆማለች። ስለዚህ ፍላጻው ሳንባን ማግኘት የለበትም፤ መርዙን ደም ወዳለበት ሥጋ ማድረስ ይበቃዋል።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ሌዮን አልቤር አርኖ ይህን ንጥረ ነገር ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ‹ኡዋባይን› የተባለው ስሙ የመጣው ሶማሊዎች የፍላጻ መርዝን ከሚጠሩበት ቃል ነው። ቆይቶም የልብ ሕመም መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ በ1957 ያንን የሕዋስ ፓምፕ ከገለጹ በኋላ፣ ያገኙት ነገር በእርግጥ ፓምፑ መሆኑን ለማረጋገጥ ወሳኝ ማስረጃ የሆነው ኡዋባይን ሥራውን ማስቆሙ ነበር። ስኩ በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የአንድ ቋንቋ ቃል በእያንዳንዱ የፊዚዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል፤ ቃሉን ያወጡት ሰዎች ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሉም። የሕክምና ተማሪዎች፣ ይህን ስም ስታጠኑ የአፍሪካ ቀንድ ቃል እየጠራችሁ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ‹ደጋኑ በደጋ ለምን ለጥጥ ቀረ› ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ።

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በቦረናና በአካባቢው፣ ዋታ የሚባሉ ከአደን የኖሩ ሰዎች አሉ። ወገኖቻቸው በኬንያም ይገኛሉ። በዚያ የታዩት የዋታ ቀስቶች ለመለጠጥ ከ45 ኪሎ ግራም በላይ የሚጠይቁና በመካከለኛው ዘመን ታዋቂ ከነበረው የእንግሊዞች ረጅም ቀስት ጋር የሚወዳደሩ ናቸው። በእነዚህ ቀስቶችና በመረንዝ መርዝ ዝሆን ይጥሉ ነበር። ይህን የመሰለ ጥበብ የያዙ ሰዎች በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ምን ክብር አገኙ? አንዳችም። በጋብቻ ተለይተው፣ ዝቅ ተደርገው ኖሩ። ከቀስትም ውጭ ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በከፋ ያሉት ማንጆዎች ከአደን በመኖራቸው ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ተደርገዋል። በጣና ሐይቅ ዳር ያሉት ወይጦዎች ጉማሬ አድነው በመብላታቸው ተገልለዋል። አንጥረኛውን ‹ቡዳ›፣ ቆዳ የሚሠራውን ‹ፋቂ› ብሎ ያራቀ ማኅበረሰብ አዳኙንም በዚያው መዝገብ ጽፎታል።

ሆኖም ያው ማኅበረሰብ አደንን ያከብር ነበር። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ መኳንንት ‹ግዳይ ጣለ› ተብሎ ይዘፈንለታል፤ ይፎክራል፣ ይሸለማል። ልዩነቱ በሁለት ነገር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው ለመብላት ማደንና ለክብር ማደን ነው፤ ከአደን የሚበላው ተናቀ፣ ከአደን የሚፎክረው ተከበረ። ሁለተኛው በመሣሪያው ባሕርይ ላይ ነው። በፈረስ ተቀምጦ ጦር የሚወረውር ሰው እንስሳውን ፊት ለፊት ይገጥማል፤ መጀመሪያ ማን እንደወጋ ሰው ሁሉ ያያል፣ ፉከራውም ምስክር አለው። ባለ መርዙ ፍላጻ ግን ተደብቆ ይወጋል፤ እንስሳው ርቆ ሄዶ ይወድቃል፣ አዳኙ ዱካውን ተከትሎ በዝምታ ያገኘዋል። ለፉከራ አይመችም። በዚህ ላይ መልክዓ ምድሩን ጨምሩበት፤ መረንዝ የመካከለኛው ከፍታ ዛፍ እንጂ የአስታና የጅብራ አገር ዛፍ አይደለም፣ ግልጡ አምባ ደግሞ ለፈረስ ይመቻል። በአርሲና በባሌ ደጋ አጋዘን በጦርና በውሻ ሲታደን መኖሩ በዚህ ይገባናል።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ ከአሜሪካ አንድ ምሳሌ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1911 በካሊፎርኒያ ኢሺ የተባሉ፣ ከያሂ ሕዝብ የተረፉ የመጨረሻው ሰው ከተራራ ወረዱ። ወገኖቻቸውን ነጭ ሰፋሪዎች ጨርሰዋቸዋል። ኢሺ በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ኖሩ፤ ሐኪማቸው ሳክስተን ፖፕ ቀስት መሥራትን፣ ድምፅ ሳያሰሙ መቅረብን፣ ዱካ መከተልን ከእርሳቸው ተማሩ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ፖፕ በ1923 ያሳተሙት መጽሐፍ በአሜሪካ በቀስት ማደን እንደገና እንዲነቃቃ አደረገ። በ1961 የተቋቋመው የቀስት አዳኞች ማኅበር የፖፕንና የጓደኛቸውን የያንግን ስም ይዟል። የመምህሩ ስም በማኅበሩ ስም ውስጥ የለም። ለፖፕ ፍትሕ ለማድረግ ግን፣ በመጽሐፋቸው ውስጥ ኢሺን መምህራቸው መሆናቸውን ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። አርኖም ስኩም ይህን የሚያደርጉበት ዕድል አልነበራቸውም፤ መርዙ በእጃቸው ሲገባ መምህር የሌለው ነገር ሆኖ ነበርና።

ዋታዎችስ ምን ገጠማቸው? በኬንያ የጻቮ ብሔራዊ ፓርክ በ1948 ሲመሠረት ለዘመናት ያደኑበት ምድር በክልከላ ሥር ዋለ፤ በ1950ዎቹ በተካሄደው ዘመቻ ብዙዎቹ ታሰሩ። በ1960 በፓርኩ አጠገብ በጋላና ዋታዎቹ በሕጋዊ መንገድ እያደኑ እንዲተዳደሩ የታሰበ ዕቅድ ተጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ ግን አልዘለቀም፣ ምድሩም ኋላ የከብት እርባታ ሆነ። ዝሆኖቹን ማዳን ይገባ እንደነበር አልጠራጠርም። ሆኖም ዝሆን እንዴት እንደሚኖር ከማንም በላይ የሚያውቁትን ሰዎች ወንጀለኛ ብቻ አድርጎ መመዝገብ ለዝሆኑም ጥበቃ ኪሳራ ነበር።

ወደ ራሳችን ተራሮች ስንመጣ የደጋ አጋዘን ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ተቆጥሯል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላልቶ በባሌ ብዙ አጋዘኖች ተገድለዋል፤ ከዚያም ወዲህ እርሻና ከብት ከላይም ከታችም እየገፉት ነው። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከፓርኩ ውጭ፣ ለምሳሌ በሙኔሳ ጫካ፣ ፈቃድ ያላቸው የውጭ አገር አዳኞች ከፍተኛ ገንዘብ ከፍለው ሽማግሌ ወንዶቹን በጠመንጃ እንዲያድኑ የተፈቀደባቸው ቦታዎች ተከልለዋል። ያንኑ እንስሳ በጦር የሚገድል የአካባቢ ሰው ግን ሕገወጥ አዳኝ ነው። ሕጉ ለምን እንዲህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ቁጥር የተወሰነበት ክፍያ ጫካውን ከመመንጠር ሊታደገው ይችላል። ገንዘቡ ከጫካው ጋር ለሚኖረው ሰው ካልደረሰ ግን ጫካው ለዚያ ሰው የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ይቀራል።

በዕውቀት ረገድ ግን ሕግ አለን። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት ነው። ማኅበረሰቦች በዕውቀታቸው ላይ መብት እንዳላቸው፣ ዕውቀቱን ለመጠቀም ፈቃዳቸው እንደሚያስፈልግ፣ ከሚገኘውም ጥቅም ሊካፈሉ እንደሚገባ ይደነግጋል። ኡዋባይን ዛሬ ቢገኝ ኖሮ አግኚው በዚህ አዋጅ መሠረት ከአንድ ማኅበረሰብ ፊት መቆም ነበረበት።

ለእናንተ ለተማሪዎች ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። የባህላዊ ዕፅዋትን ዕውቀት የሚያጠኑ የመመረቂያ ጽሑፎችን ስንፈትን ዘወትር የምናገኘው አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ነው፤ ሳይንሳዊ ስም፣ ቤተሰብ፣ የአካባቢ ስም፣ ጥቅም ላይ የሚውለው ክፍል፣ አገልግሎት። ‹ይህን ማን ያውቃል?› የሚል ዓምድ የለውም። መረጃ ሰጪዎች በዕድሜና በፆታ ተቆጥረው በመቶኛ ይቀርባሉ። ከዋታ፣ ከማንጆ ወይም ከወይጦ ወገን የሆነ ሰው ያስተማረው ነገር በወረዳው ስም ብቻ ሲመዘገብ መገለሉ በሠንጠረዥ ውስጥ ይቀጥላል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ በእኔ አማካሪነት የሚሠሩ ጽሑፎች፣ ሰዎቹ እስከ ፈቀዱ ድረስ፣ ዕውቀቱ የየትኛው ማኅበረሰብ እንደሆነ የሚያሳይ ዓምድ እንዲኖራቸው እጠይቃለሁ። ፈቃዱ በምን መልክ እንደተገኘም በጽሑፉ ውስጥ ይገለጻል። ይህ ሥራችሁን ያከብደዋል፤ አንዳንዱ ሰው ስሙ ከአደን ጋር እንዳይነሣ ይለምናችኋል፣ ያም ሊከበርለት ይገባል።

ጊዜያችን ስለገፋ በዚሁ ላቁም። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት አባቶች እንጀምር።